አትጹም ያለችው ሲስተር

በአርባ ሁለት ዓመቴ ተማሪ መሆኔን ከሴት ልጄ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤት አያውቅም፤ የእድር ሴቶች አያውቁም፤ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ጎን ለጎን የቆምኩ ጓደኞቼም አያውቁም። ነጩን ጋውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ አንድ እስር ጎመን ጣል አድርጌ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ እሳፈር ነበር። ገበያ የምውል እንድመስል ነው። ጎመኑ ጧት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ጎመን ደሴን ካንቺ የበለጠ ሳያውቃት አይቀርም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

«ግን ምኑ ነው የሚያሳፍረው?» ትለኛለች ደግሞ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ሰው ምን እንደሚል አውቅ ነበር፤ የማውቀውም ስለ ሌላ ሰው ራሴ ብዬው ስለነበር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠፈራችን አንዲት የልጆች እናት የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር። ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ አይቼ፣ አብረውኝ በር ላይ ለተቀመጡት ሴቶች «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አልኩ። ሳቁ። ሴትዮዋ ሰምታኛለች፤ ፋብሪካ የዋለ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም። ወር ሳይሞላት ትምህርቱን ተወችው። በእኔ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

እኔ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በማሽኑ መስመር ላይ እየተመላለስኩ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ቀኑን ሙሉ ይበጠሳል፤ ቀኑን ሙሉ እቀጥላለሁ። በማሽኑ ጩኸት መሃል የሰው ድምፅ ስለማይሰማ፣ እኛ የፈትል ሴቶች ሌላው ሲናገር ከንፈሩን አይተን እንሰማለን፤ እኛ ስንናገር ደግሞ እንጮኻለን። ልጄን ለብቻዬ ያሳደግኩት በዚያ ሥራ ስለሆነ አልንቀውም። ነርስ መሆን ግን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ልተወው ያልቻልኩት ምኞቴ ነበር። በጊዜው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አላደረሰኝም። መንግሥት ከተለወጠ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ገደማ ደሴ ውስጥ የግል የጤና ኮሌጆች መከፈት ሲጀምሩ፣ አስፋልት ዳር የተሰቀለውን የአንዱን ሰሌዳ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አነበው ነበር። ዓመት ሙሉ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቴን ከሳጥን አውጥቼ ተመዘገብኩ፤ ፋብሪካውንም ለቀቅኩ። ለሰው «ጉልበቴ አስቸገረኝ» አልኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

በየቀኑ ደሴ መውጣቴ የጎረቤት ዓይን ውስጥ ሲገባ ሁለተኛ ውሸት አስፈለገኝ። «አክስቴ ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሷን ላስታምም ነው» አልኩ። ይህን ስል ያለሁት ወሎ መሆኑን ረስቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሴቶች፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ድፎ ዳቦ ጋግረዋል፤ ሚኒባስ ተነጋግረዋል፤ አክስቴን ሊጠይቁ ቦሩ ሜዳ ሊወጡ ነው። «ትናንት ወጣችኮ! ድና ወጣች!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሌላዋ «ተመስገን» አለች፤ እዚያው ተቀምጠው ዳቦውን ቆረሱልኝ። «እንግዲያ እንኳን ማረሽ እንበላታ፣ ቤቷ ወዴት ነው?» አለችኝ በዕድሜ ትልቋ። ሩቅ ነው አልኩ። እኔ አክስት የለኝም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ዳቦው ግን አልወረደልኝም። ጎመን መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ኮሌጅ ውስጥ ልጆቹ «ማዘር» ይሉኝ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የእንግሊዝኛው ቃል አንገቴን ቢያስደፋኝም ማታ ማታ ልጄ ታስጠናኛለች። እጄ ግን ጎበዝ ነበር። ክር ሲቀጥል የኖረ ጣት ደም ሥር ለማግኘት አይቸገርም፤ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ወግተው ያጡትን እኔ በአንዴ አገኘው ነበር።

የልምምድ መምህራችን ከልጄ በጥቂት ዓመት ብቻ የምትበልጥ፣ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ነበረች። ደሴ ከሚገኝ አንድ ሆስፒታል ይዛን ስትገባ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። «የማታውቁትን አትመልሱ። በሽተኛ ስለ መድኃኒቱ ከጠየቃችሁ ‹ተማሪ ነኝ› በሉና እኔን ጥሩኝ። ከራሱ አመንጭቶ ምክር የሰጠ ተማሪ ልምምዱ ይሰረዝበታል» አለች። ልምምዱ የተሰረዘበት ደግሞ ዓመቱን ያጣል። እኔ የማጣው ዓመት አልነበረኝም፤ የምመለስበት ሥራም አልነበረኝም።

ችግሩ የመጣው ከመልኬ ነው። ሽበት ጀማምሮኛል፤ ወፈር ያልኩ ነኝ። ሃያ ዓመት በቅጡ ካልሞላቸው ልጆች መሃል ጋውን ለብሼ ስገባ፣ ዋናዋ ሐኪም እኔ እመስል ነበር። ሽማግሌዎች ከአግዳሚው ወንበር ይነሡልኛል። «ዶክተር፣ እኔን ቢያዩኝ» ይሉኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ መምህራችንን «አንቺ ልጅ፣ ዶክተሯን አታስቸግሪ፣ እስቲ ዞር በይ» አለቻት። መምህሯ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ «ኧረ እኔ ተማሪ ነኝ» ማለትም አልሆነልኝም። በመጀመሪያው ቀን ማለት ነበረብኝ። በሁለተኛውም ቀን አልረፈደም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንቺ» ስባል ኖሬ «እርስዎ» መባል ጣፈጠኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከሚነሡልኝ ሰዎች አንዱ በየወሩ ለስኳር በሽታ ክትትል የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ካለችው ከደጋን የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሁለት ቃል ሲናገሩ አንዱ «ወላሂ» ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተራቸው ደርሶ ገቡ። ደም ግፊታቸውን ለካሁ። መምህሯ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነበረች፤ በሩ ክፍት ነው፤ ድምፅዋ ይሰማል።

«ዶክተር» አሉኝ ዝግ ብለው፤ ከንፈራቸውን አይቼ ነው የሰማኋቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ረመዳን ደረሰ። ይኸን ኪኒን ጧትና ማታ እውጣለሁ። መጾም ይሆንልኛል ወይስ ይከለክሉኛል? ልጆቹን አልጠይቅም፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ወላሂ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርግ።»

መልሱን አላውቀውም ነበር። ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጾም ገና አልተማርንም። ማድረግ የነበረብኝ «ተማሪ ነኝ፤ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ አሥር እርምጃ መሄድ ብቻ ነው። ከዚያ ያቺ ትንሽ ልጅ መጥታ በፊታቸው ስታርመኝ ታየኝ። ከወንበር የተነሡልኝ ሽማግሌ ለምን እንደ ተነሡ ሲገርማቸው ታየኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። እኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊሙን «አትጹም» አይለውም። ጾሙን እናከብርለታለን፤ በረመዳን ቀን በፊቱ አንበላም፤ እሱም የኛን ፍስክና ጾም ከኛ በላይ ቆጥሮ ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ስለ ጾሙ ሲያነሣ የሚመለስለት ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ያለ ነው፤ ሳላስበው ይወጣል።

«አላህ ያግዝዎ፣ አባባ» አልኩ።

ይህ ምርቃት ነው። ከጎረቤት አፍ ቢወጣ ምርቃት ሆኖ ይቀር ነበር። ከባለ ነጭ ጋውን ሲወጣ ግን ፈቃድ ሆነ። ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ ይሆንልኛል?» አሉ።

እዚያ ላይ እንኳ መመለስ ይቻል ነበር። «ይሆንልዎታል» አልኩ። «የጧቱን ኪኒን ሱሁር ላይ፣ የማታውን ሲያፈጥሩ ይውሰዱ።»

ከየት አመጣሁት? ከራሴ ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ሁለት ኪኒን አለ፣ ሁለት ጊዜ ይበላል። ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው ሱሁር አንሥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለውን ረጅም ቀን አላሰብኩትም። ያ ኪኒን ስኳርን የሚያወርድ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይም ማውረዱን አይተውም። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አላህ ዕውቀትዎን ይጨምርልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» አሉኝ። አሜን አልኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ለልጄ በኩራት ነገርኳት። ሽማግሌው እንዴት እንዳከበሩኝ፣ እንዴት እንደ መረቁኝ። ልጄ እግሯን አጣጥፋ ሰማችኝና «መምህርሽን ጠይቀሽ ነው?» አለች። «አንቺ ደግሞ እንደ መምህሬ ልትሆኚብኝ ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። ተነሥታ ገባች። ቁጣዬ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እኔም ሳላውቀው አልቀረሁም።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት እኛ ተማሪዎች ወደ አጥንት ክፍል ተዛውረን ነበር። ጧት ከመምህራችን ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞርን ሳለ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ሂና የተቀባ ጺም አየሁ። ጉልበቴ ያን ጊዜ እውነትም አስቸገረኝ። መምህሯ ካርዱን እያነበበች ነገረችን። ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው ለአስር ሶላት ሊታጠቡ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ድንጋይ ላይ ወድቀዋል። የጣላቸው ዳገቱ አይደለም፤ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ነው። ሰው ደርሶ ከንፈራቸው ላይ ማር ባይቀባላቸው ኖሮ እዚያው ይቀሩ ነበር። የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል።

«ተማሪዎች፣ ደብተራችሁን አውጡ፤ ይህ የምትማሩበት ነው» አለች። ሁሉም አወጡ። እኔም አወጣሁ። ቀና ስል ሽማግሌው እጄን፣ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ፊቴን አዩ። ምን እንደ ገባቸው ወዲያው አወቅኩ።

«አባባ» አለች መምህሯ፣ ተቆጥታ። «ይህን ኪኒን እየዋጡ እንዴት ይጾማሉ? ይጹሙ ያለዎት ማነው? እዚህ የነገረዎት ሰው አለ?»

አምስት ተማሪዎች ነን። እኔ በግርጌ በኩል ቆሜያለሁ። አስታውሳለሁ፣ የፈራሁት ለእሳቸው አልነበረም። ልምምዴ ሲሰረዝ፣ ጎመኑን ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነበር የሚታየኝ። እግሩ የተሰበረ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

«ኧረ ነግራኛለች» አሉ ሽማግሌው። በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ነግራኝ ነበር፤ ‹አባባ፣ አትጹም› ብላ። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ተልጅነቴ ጀምሬ የጾምኩትን ተው ብትለኝ፣ እልህ ያዘኝና አልሰማኋትም። ጥፋቱ የኔው ነው።»

«ወላሂ» አላሉም። ሁለት ቃል ሲናገሩ አንዱ «ወላሂ» የነበረ ሰው ያን ሁሉ ሲናገሩ አንድም ጊዜ አልማሉም። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መምህሯ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣው የለም። «ጎበዝ፣ ማዘር» አለችኝ። «ግን ያኔውኑ ለእኔ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር።» ሌሎቹ ተማሪዎች አዩኝ። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የኔው ዝምታ ያኔውኑ ነቀዘ።

ደግሞ በዚያ አላበቃም። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ መምህራችን ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጾም አስተማረችን፤ ለምን እንደሚጎዳ፣ ኪኒኑ እንዴት እንደሚስተካከል፣ ማን መጾም እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል። ሲያልቅ «እዚህ መሃላችሁ በሃይማኖት ገባሽ እባላለሁ ብላ ሳትፈራ ለሽማግሌ እውነቱን የነገረች ተማሪ አለች፤ ከእሷ ተማሩ» አለች። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ሲጨበጨብልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። የልምምድ ውጤቴም ከክፍሉ ከፍተኛው ሆነ።

እሳቸው ሆስፒታል በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ብቻቸውን አግኝቼ አላናገርኳቸውም። ሰው አለ፣ ሥራ አለ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር እንጂ የሸሸሁት እኔ ነኝ። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ከሁለት ወር በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝና ወደ ደጋን ሄድኩ። ለታመመ ሰው የሚወሰደው ስኳር ነው፤ ለእሳቸው ስኳር መውሰድ አይሆን ነገር ዘይት ይዤ ሄድኩ። ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለውን ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴትዮ ናቸው።

«አንቺ ነሽ አትጹም ያልሽው?» አሉኝ፣ ከሆስፒታል መምጣቴን ገና ስነግራቸው። ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። «አላህ ይስጥሽ! እንደው አንድ ቀን እንኳ ሰው ቢሰማ ምን አለበት ይኸ ሰውዬ! ማሽላውን ወፍ ጨረሰው፤ የሚጠብቀው እሱ፣ ተሰብሮ የተኛው እሱ። እልኸኛ! ግቢ በሞቴ፣ ግቢ።»

ለሚስታቸውም እንደዚያው ነግረዋቸዋል ማለት ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለመምህሯ የተናገሩት ውሸት እዚያው ሆስፒታል የቀረ መስሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ምግብ ሊያቀርቡ ወጥ ቤት ሲገቡ ብቻችንን ቀረን።

«አባባ፣ ለምን ዋሹልኝ?» አልኩ።

ሳቅ አሉ። «ደብተር ስታወጪ አየሁሻ» አሉኝ። «እርስዎ» ቀርቷል። «ለካ አንቺም ገና ተማሪ ነሽ። እኔ እግሬ ተሰብሯል። አንቺን ደግሞ ቢሰብሩሽ እግሬ ይጠገናል ወይ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ያን ዕለት ነው አፉ ያልኩሽ፤ አብሽሪ።» ደግሞ ጠየቁኝ። «ግን እውነት መልሱን አታውቂውም ነበር?»

«አላውቀውም ነበር።»

«አላውቅም ማለት ይኸን ያህል ይከብዳል?»

ሊወቅሱኝ አልነበረም። ግራ ገብቷቸው፣ ለማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩበት ነገር፣ በአርባ ሁለት ዓመት ተማሪ መሆን፣ ማፈሪያ አልነበረም። እውነተኛውን ማፈሪያ ያመጣሁት እሱን ስሸሽ ነው። ይህን ለእሳቸው ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሚስታቸው ትሪ ይዘው ገቡ።

ሽሮ ነበር። «ቅቤ የለውም፤ ረቡዕ አይደል? ጾምሽን እንዳላስፈታሽ ብዬ በዘይት ነው የሠራሁት» አሉኝ። ረቡዕ መሆኑን እኔ ረስቼ ነበር። እሳቸው አልረሱም። እኔ በቤታቸው ጾም ላይ ያደረግኩትን ሳያውቁ የኔን ጾም ጠበቁልኝ። እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። «እማማ፣ እኔ አትጹም አላልኳቸውም፤ ይጹሙ ነው ያልኳቸው» ማለት ነው፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ያልኩት «ሽሮው ይጣፍጣል» ነው። ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ። አልረዱኝም፤ አልከለከሉኝምም።

ስመረቅ ለጎረቤቶቼ ነገርኩ። እልል አሉ። «ምነው ደበቅሽን? እኛ ጎመን እንዲህ የምትወጂ ነበር የመሰለን» ብለው ሳቁብኝ። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ የተረተብኝ ሰው አልነበረም። ያቺ የማታ ትምህርቷን የተወችው ሴትም መጣችና አቅፋ ሳመችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፤ አንቺስ ጨረስሽው» አለችኝ። ከእሷም ዓይን ሸሸሁ።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ጎበዝ ነርስ ነኝ ብል አልዋሸሁም። የማላውቀውን «አላውቅም፣ ቆይ ልጠይቅ» እላለሁ፤ አዳዲሶቹ ልጆች ይገርማቸዋል። ሽማግሌው ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። አጥንቱ ሲገጥም አጠር ብሎ ገጠመ። ወደ መስጊድ የሚያወርደው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ተቀምጠው ቤታቸው ይሰግዱ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። በምን እንደ ሞቱ ሲነግሩኝ ከእግራቸው ጋር የተያያዘ እንዳይሆን እየፈራሁ ሰማሁ። ልባቸው ነው አሉኝ። ቀለል አለኝ፤ ስለ ቀለለኝም ደግሞ አፈርኩ። ለቅሶው ላይ ትልቁ ልጃቸው «አባባን አትጹም ያለችው ሲስተር ይቺ ናት» ብሎ ለሰዉ አስተዋወቀኝ። ከምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ዓመት ሳይሞላ ሚስታቸውም ስኳር ተገኘባቸው። ክትትላቸውን እኔ ካለሁበት ጤና ጣቢያ አደረጉ። የመጀመሪያው ረመዳን ሊገባ ሲል መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ሰውዬውን ያልሽውን እኔንም በይኝ» አሉኝ። «እኔ እንደሱ አይደለሁም፤ እሰማሻለሁ።»

ወደ ሐኪሙ ይዣቸው ገባሁ። ሐኪሙ አይጹሙ አላቸው። እሳቸው ግን ሐኪሙን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት። እኔ በአዎንታ ራሴን ስነቀንቅ «እሺ» አሉ። አልጾሙም። በጾሙ ፋንታ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላሉ፤ ዲኑም ይፈቅዳል።

ልነግራቸው ያሰብኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ምክንያት አለኝ፤ ለዓመታት ይዤዋለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ከዚያ ወዲያ አያምኑኝም፤ ካላመኑኝ ይጾማሉ፤ ከጾሙ ይወድቃሉ። እንዲህ ስለው ምክንያቱ ያምራል። ግማሹም እውነት ነው። ግማሹ ግን ከበሽታቸው ጋር አይገናኝም። ከወንበር የሚነሣላት ሰው እንዳይቀርባት የምትፈራው ሴት ዛሬም አልሞተችም።

በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ይመጣሉ። ጤንነታቸው ደህና ነው፤ ስኳራቸው ተስተካክሏል። ምላሳቸውም እንደ ድሮው ነው። መተላለፊያው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ይጀምራሉ።

«ይቺ ሲስተር ለሰውዬው አትጹም ብላው ነበር፤ አልሰማ ብሎ በገዛ እልሁ እግሩን ሰበረ። ያኔ ቢሰማት ኖሮ እስኪሞት ድረስ በእግሩ መስጊድ ይወርድ ነበር። እልኸኛ ነበር እኮ! አይደል፣ ሲስተር?»

ሰዎቹ ወደ እኔ ያያሉ።

«ነበሩ፣ እማማ» እላለሁ።